ለጥጃ የሚበቃ ጥላ

የግብርናው ልጅ ስሜን ጠርቶ «ለልምድ ልውውጥ፣ ቦንጋ» ሲለኝ፣
«ከብት ማርባት ከጫካ ሰው ልማር?» ብዬ ሳቅ አመለጠኝ።
አሥራ ዘጠኝ ከብት አለኝ፤ ደምቢያ ላይ ስሜ ይታወቃል፣
ፎገራ ላሜ ሜዳ ስትወጣ ሰዉ መንገድ ይለቃል።
ለማንም ያልነገርኩት ግን፣ በሚያዝያ ጎድኗ ሲቆጠር፣
ጅራቷን ይዘን ስናስነሣት፣ ማለዳ ማለዳ፣ ካጥር ሥር።

ሦስት ቀን አውቶቡስ። ጎጃም አለፈ፣ ዓባይ በረሃ አለፈ፣
ከጅማ ወዲያ ሰማይ ጠፋ፤ ዛፍ ከዛፍ ጋራ ተቃቀፈ።
ሻዎ የሚሉት ገበሬ ነው የተቀበለኝ፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣
አማርኛውን እየመረጠ የሚናገር እንደ ዳኛ።
ስድስት ላሞች። ስድስት ብቻ! ከእንሰቱ ጎን ታስረው፣
ያመነዥካሉ ዓይን ጨፍነው፣ ዝንብ እንኳ ረስቷቸው።

«የግጦሽ መሬትህ የታል?» አልኩት።
ጣቱን ቀሰረ፤
ወደ ላይ።

ቅርንጫፉን በልክ ይቆርጣል፣ ዛፉን ሳያስቀይም፣ አውቆ፣
እበቱም ወደ ሥሩ ይመለሳል፣ በቅጠል ታሽቶ፣ ደቅቆ።
ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ጥምዝ በግንዱ፤
አንድ ማሳ ላይ አራት ቤተሰብ፣ ሳይጣሉ ተዋለዱ።
ላሚቱን ተኝታ አየኋት፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይን ጥላ፤
እኔ አይደለሁም የተቀኘሁ፤ ላሚቱ ናት፣ በራሷ መላ።
ሌሊቱን ዝናብ ቆርቆሮው ላይ። እንቅልፍ የለ። እቆጥራለሁ፤
የአሥራ ዘጠኙ ወተት ከስድስቱ እንደሚያንስ አውቃለሁ።

ስመለስ ኮረሪማ ይዤ መጣሁ፣ በጋቢ ጫፍ ቋጥሬ፣
በዋልካው ተከልኩት፤ ሳምንት አልሞላም፤ ደረቀ፤ ቀረሁ አፍሬ።
ሚስቴ ደጊቱ ሳቀች። «ዘሩን አይደለም» አለች «ያመጣኸው፤
ዐይን ነው። ዋንዛ እዚህ የለም? እስከ ዛሬ በምን አየኸው?»
እውነቷን ነው። ዋንዛን የማውቀው ተጋድሞ ነው፤ በር፣ ጠረጴዛ፤
የአባቴም ሣጥን ያው ዋንዛ።

አርባ ተከልኩ፤ መሐሉን ሰስባንያ፣ ዳሩን ዝሆኔ ሣር፣
አምስት ከብት ሸጥኩ ቆላ ድባ፣ እንባዬን ውጬ፣ በዳር በዳር።
ወንድሜ አጣናው ግን «ሜዳ የእግዜር ነው፤ ከብት ማሰር ነውር ነው» አለ፤
መንጋውን ለቀቀ፤ ሃያ ችግኜ ባንድ ጀንበር ተነቀለ።
ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ራስ መነቅነቅ ነው፤ ከሩቁ።

በመጋቢት ሻዎ በተራው መጣ። ከጎንደር ቁልቁል ስንወርድ
ዝም አለ። ሜዳው ዓይን አይይዝም፤ አቧራ ብቻ ሲነድ።
ደጊቱ ግድግዳ ላይ ኩበት ስትለጥፍ አየ፤ ቆመ፤
«የመሬቱን ምሳ ነው እንዴ የምታነዱት?» ብሎ ተገረመ።
መልስ አልነበረኝም።
ደብሩን አየ፤ በሜዳው መሐል አንድ ክብ ጫካ፣ ጦጣ ያለው፤
«ይኼን ማን ጠበቀው?» «ታቦት» አልኩት። «ሌላውንስ?» አለ፤ ምን ልበለው?

እሱም ግን ባዶ እጁን አልሄደም። የድርቆሽ ክምሬን ዞሮ ዞሮ
ካናቱ እስከ ታቹ መረመረው፣ እጁን እስከ ክርኑ ቀብሮ።
«እኛ ዘንድ ዝናብ ይዘገይ ጀመር» አለኝ፤ «ማስቀመጥ ግን አልለመድንም፤
ጫካው እናት ነው፤ እናት ትደክማለች ብለን አላሰብንም።»
ሁለት ቀን ዋልን፣ እኔ ስከምር እሱ በልጄ ደብተር ሲስል፣
ጸጉሩ ላይ ገለባ ተሰክቶ፣ ሽማግሌው ተማሪ ሲመስል።

ከአርባው የቀሩኝ አሥራ አንድ ናቸው። ደጊቱ ቆጥራለች።
ፎገራዋ ግን ዘንድሮ፣ በሚያዝያ፣ ራሷን ችላ ተነሥታለች።
አጣናውን ትናንት ዝሆኔውን ሲያይ፣ ካጥሩ ማዶ፣ አየሁት፤
አልጠየቀኝም። ሲመሽ ሦስት አገዳ ቆርጬ ካጥሩ ላይ ተውኩት።

ማታ ስልክ ጮኸ። ከቦንጋ ነው። ከጀርባው ዝናብ ይሰማል።
«ዋንዛው እንዴት ነው? ጥላ ጣለ?»
«ለጥጃ ይበቃል» አልኩት፤ «ለእኔ ገና ነው፤ እግሬ ውጭ ይቀራል።»