ክር ቆጣሪዋ

ኮምቦልቻ፣ ከሽመናው ክፍል ማዶ፣
ጠረጴዛዬ መስታወት ነው፣ ከሥሩ አምፖል ተጠምዶ።
ጨርቁ በላዩ ሲሳብ ብርሃን ከታች ይመጣል፣
የሳተ ክር፣ የላላ ማግ፣ ሁሉም እዚያ ይገለጣል።
አሥራ ሰባት ዓመት ቆጠርኩ፣ በአንዲት ትንሽ ማጉያ።
ሰው ጨርቅ ሲያይ ክር ያያል፣ አበባውን፣ ቀለሙን፤
እኔ የማየው በክርና በክር መሃል የቀረውን፣ ባዶውን።

ልጄ ሲወለድ
ፀጉሩ የበቆሎ ፀጉር፣ ቅንድቡ የጥጥ ብናኝ፣
አዋላጇ ዝም አለች፤ ኋላ ቀና ብላ አየችኝ።
«ከፀሐይ ጠብቂው» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረች።
አባቱ በጆሮው አዛን ብሎ አንዋር የሚል ስም አወጣለት፣
ብርሃኖች ማለት ነው፤
ብርሃን የማይችል ልጅ።

ሐኪሙ ነገረኝ፦ ዓይን የማያየው ጨረር፣
አልትራቫዮሌት ይሉታል፤ አይታይ፣ አይሞቅ፣
ቆዳ ግን ያውቀዋል፣ ሲውል ሲያድር።
እኔ ደግሞ ሐኪሙ የማያውቀውን አውቅ ነበር፦
አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ቀላሉ ሽመና፣
ከላላ ወንፊት ነው፣ ነፋስም ፀሐይም ያስገባልና፤
ሰያፉ ግን፣ ሁለት ዘሎ አንድ የሚገባው፣
ክሩ ክሩን ተደግፎ ቀዳዳውን የሚዘጋው፣
እሱ ነው የእኔ ልጅ ጎጆ።
አዲስ ጨርቅ አይታመንም፣ ሁለት ሦስቴ ካልታጠበ፣
ጥጡ ውሃ ጠጥቶ፣ ተኮማትሮ ካልቀረበ።
ትከሻ ላይ ሲወጠር ቀዳዳው አፉን ይከፍታል፤
ቦርከና ወርዶ ቢመለስ፣
እርጥብ ነጭ ጥጥ መስታወት ሆኖ ፀሐይን ያሳልፋል።

ፋብሪካው ለሠራተኛ ውዳቂ ጨርቅ ይሸጣል።
ሰማያዊ ሰያፍ አገኘሁ፣ ቀለሙ ጠርዙ ላይ የተዛነፈ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ብዘረጋው አምፖሉን ውጦ ያረፈ።
ሦስት ሜትር ገዛሁ። ልብስ ሰፊው ሙሄ ለካ፣
እጅጌው እስከ አንጓ፣ ኮሌታው ጆሮ እስኪነካ።
«የጥበቃ ነው እንዴ?» አለኝ፣ ጠመኔውን እንደያዘ።
«አዎ» አልኩት፣ «የጥበቃ ነው።»

በዒድ ማግስት ሐረጎን ዞረን ደሴ ወጣን።
ጦሳ ጭጋግ ለብሷል፣ ብርዱ ጣታችንን ያደነዝዛል።
አክስቱ ዘሀራ ገና በር ላይ፦
«ምነው ልጁን ወታደር አስመሰልሽው!»
ብላ አወለቀችና በነጠላዋ ሸፈነችው፣
ነጭ፣ እንደ ትንፋሽ የሳሳ፣
ለሠርጓ የተሸመነ፣ ጥለቱ ሁለት ጣት።
«ፀሐይ የት አለና?»
ሰማዩን አየሁ። አልነበረችም።
ቆጣሪዋ እኔ፣
ያን ቀን አልቆጠርኩም።

እስከ አሥር ሰዓት ከልጆቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ ዋለ።
ማታ ነጠላውን ሳነሳ ትከሻው ፍም መስሏል፣
በፍሙ መሃል አንድ መስመር፣
ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ ሁለት ጣት የሚሞላ፤
ጥለቱ ያረፈበት።
ክሩ በተጠጋጋበት ቆዳው ሰላም ውሏል፣
በሳሳበት ነዷል።
ልጄ ጀርባ ላይ ሽመናውን አነበብኩ፣ ያለ ማጉያ።

ዘሀራ አለቀሰች። ምን ልበላት?
ደጋ ያታልላል፤ ወደ ሰማይ በቀረብን ቁጥር
ብርዱም ይጠነክራል፣ ጨረሩም ይበረታል።
ጭጋግ ራሱ ነጠላ ነው፣ ማጉ የላላ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ፤
ማግ ካልጠበቀ ድር ብቻውን፣ እንኳን አንበሳ
የጠዋት ፀሐይም አያስር።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አንድ ጥቅል ወደ ጎን አደረግሁ።
የሺፍት ኃላፊው አቶ ጌጡ መጣ፦
«ጦይባ፣ ይሄ ምን ሆነና ጣልሽው?»
«ይሳሳል።»
«ለመጋረጃ እኮ ነው!»
«ከመጋረጃው ኋላ ማን እንደሚተኛ ታውቃለህ?»
ሳቀ። ጥቅሉን ራሱ ተሸክሞ አሳለፈው።
አምፖሉ ከታች ይበራል።
ቀጣዩን ዘረጋሁ።