ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ቫልድኪርሽ ላይ ዝናብ፣ ከጥቁሩ ደን ሥር፣
በረዶው ከጣራ ተንዶ ሲሰበር፣
ኢርምትራውት ጓዳ ውስጥ፣ መነጽር በመነጽር ደርባ፣
የአባቷን ጥቅል ወረቀት ትፈታለች።

ሠላሳ ሜትር ነው። ዳሩን አይጥ ቀምሶታል።
አልባን በእርሳስ አስምሮ፣ በመብሻና በመዶሻ
አንድ ክረምት ሙሉ የበሳሳው።

ስካነሩ ሌሊቱን ሲያነብ አደረ።
ቀዳዳው ሁሉ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሰረዝ ሆነ፣
አሥራ አንድ ሺህ ከምናምን፤ አንድም አልጎደለ።
ፒያኖው ሲጫወተው ግን የክፍል ስም ጥሪ ይመስላል፦
አቤት፣ አቤት፣ አቤት፣
የሚጮኽ የለ፣ የሚያንሾካሹክ የለ።

አልባን ድምፅ አልቀዳም፤ የቀደደው ቀዳዳ ነው።
ኖታውን ጨርሶ፣ የጉልበቱን ቀዳዳ፣
ግራ ዳር ለወፍራሙ፣ ቀኝ ዳር ለቀጭኑ፣
ወናፉ መቼ አየር እንዲስብ፣ መቼ ትንፋሹን ዋጥ እንዲያደርግ
የሚያዘውን፣
«ነገ» ብሎ አሳደረው።
ነገ ደብዳቤ መጣ፤ ከደብዳቤው ጋር ባቡር፤
እሷ አምስት ዓመቷ ነበር።

የኛም ፊደል እንዲሁ ነው፣ ጉልበቱን አይጽፍም።
«ገና» ብለህ ብትጽፍ፣ በዓል ይሁን መዘግየት
አፍ ነው እንጂ ወረቀት አያውቅም።

የጎረቤቷ ልጅ ላውሪን፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
«ፕሮግራሙ ራሱ ይገምታል» ብሎ አንዲት ቁልፍ ነካ።
ቁጥሮቹ ተሰለፉ፣ ከዜሮ እስከ መቶ ሃያ ሰባት፣
ሽቅብ ቁልቁል፣ እንደ ኮረብታ።
ቤቱ በዜማ ሞላ። ለስላሳ፣ እንከን የለሽ፣ ያዘነም ጭምር።
ሰማች፤ እስኪያልቅ ሰማች።
«ደስ የሚል ሰው ነው» አለች፣ «አላውቀውም እንጂ።»

ከዚያ ወንበሩን አዞረች፣ ሹራቧን አወለቀች፣
በሸሚዝ ብቻ ጀርባዋን ሰጠችው።
«በጣትህ ተጫወትልኝ፣ እዚህ፣ ከትከሻዬ በታች፤
እሱ ሲያስተኛኝ እንዲህ ነበር።»
ልጁ አፈረ። ሰረዙን ከስክሪኑ እያነበበ
በሰማንያ ስድስት ዓመት አጥንት ላይ
ቀስ ብሎ መታ።

«አይ፣ ጠንከር። እዚህ ጋ ላላ። ሰባ አራት በል።
አሁን ሠላሳ። አሁን እንደተናደደ ሰው።»
አንዳንዱን ረስታዋለች፤ «ዝለለው» ትላለች፣
አንዳንዱን ሦስቴ ታስደግማለች። ሻዩ ቀዘቀዘ፤
ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ።
ሐሙስ ከሰዓት፣ በግራው እጅ አራተኛ ጣት ላይ
ድንገት ቀና ብላ «አምስት!» አለች። «ከአምስት አይብለጥ።
ያችን ጫፏን መብሻ ቆርጧት ነበር።»

መቁረጫው አዲሱን ወረቀት ዳርና ዳሩን በሳ፤
ክብ ክብ ፍርፋሪው ምንጣፉ ላይ ተበተነ።
ሞተሩ ተነሣ። የበግ ሌጦ ወናፍ፣ ተለጥፎ የታደሰው፣
አንዴ እንደ ማሳል አለው፣ ከዚያ ተነፈሰ።
ዜማው ይንገዳገዳል። የተዘለለው ቦታ ላይ
አሁንም አቤት አቤት ይላል፤
ሌላው ቦታ ላይ ሰው አለበት።

ያ አራተኛ ጣት ሲደርስ መዶሻዋ ተነሣች፣
ሽቦውን ነካች አልነካች፤
ላውሪን ጆሮውን አስጠጋ፦
«እዚህ ጋ ድምፅ የለም፤ ስሕተት ይሆን?»
«አለ» አለችው።

ጠብቆ ይነበብ ወይስ ላልቶ፣
ዳሩ ላይ አልበሳሁትም።