የግርጌ ማስታወሻ

ፒዮሪያ፣ ወንዙ ዳር፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣
ራዲያተሩ ሲያስል፣ አልለቀው አባዜ፣
ሚስተር ክራውስ ይገባል፣ ክራቫቱ ጠምሞ፣
የሞተ ሰው ጉዳይ በብብቱ ተሸክሞ።

“ፕሬዚዳንት” ሲባል ልጆች ያንቀላፋሉ፣
በዐሥራ ሰባት ዓመት “ምን ግዴ!” ይላሉ፤
እሱ ግን ይቆማል መስኮቱን ተደግፎ፣
አንድ አገረ ገዢ በጥቂት ድምፅ አሸንፎ
ያደረበትን ሌሊት ሲተርክ ደወል ቢያቋርጠው፣
“ነገ ነው የሚሞት፤ ዛሬን እንተወው።”

ፈተናችንን በአረንጓዴ ቢክ ያርማል፤
“ቀይማ” ይላል፣ “ቁስል ይመስላል።”

ሦስት መጽሐፍ አለው ስለ መሪዎች ኑሮ፣
ጋራዡን ሞልቶታል በካርቶን ታስሮ፤
መኪናው ደጅ ያድራል በረዶ ተጭኖት፣
ሴናተሩ ግን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦለት።
“ጣውንቴ ጺማም ነው” ትላለች ሚስቱ ሎይስ፣
“ከሞተ መቶ ዓመቱ፤ ቤቴን የሚያምስ።”

የምርጫ ዕለት ነበር፤ ጂምናዚየሙ ሞልቶ፣
እሱም እንደ ሰዉ ቆሟል ተራ ገብቶ።
“ማንን መረጡ?” ስንል፣ መነጽሩን ወለወለ፤
“መቶ ዓመት ታገሱ፤ አሁን ገና ነው” አለ።

አራተኛው መጽሐፍ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤
ጺማሙ ገዢ ኖረ፣ ክራውስ አረጀ።
በጨረታ ገዛ አንድ የቆሸሸ ደብተር፣
የሄስተር፣ የልብስ አጣቢዋ፣ የዱቤዋ ዝርዝር፦
ሸሚዝ አራት። ኮሌታ ዘጠኝ። አንሶላ ሁለት።
የገዢው ቤት። ማክሰኞ። ወይን ጠጅ የፈሰሰበት።

“ገዢን ማን ያውቀዋል?” አለን ጠመኔውን ጥሎ፣
“ንግግሩን የሰማ? ወይስ እድፉን ያጠበ፣ ቀቅሎ?”
መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ብሎ ዘጋው፦
“ታማኝ ሰው ነበረ፤ ዕዳውን ሁሉ ከፈለው።”

እኔ ደግሞ ትርሲት፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣
ታሪክ የማይገባኝ፣ ከቁጥር ሌላ የማላይ፣
ቅጂውን ሲያድለን ደመርኩት ከላይ ታች፣
ቀነስኩት፣ መለስኩት። ሁለት ዶላር ከአርባ ሳንቲም ጎደለች።
እጄን አወጣሁ። “መምህር፣ ሒሳቡ አይገጥምም፤
ይህ ሰውዬ ዕዳውን ጨርሶ አልከፈለም።”

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ወረቀቱን ወሰደ፣
ደወሉ ደወለ፣ ሁሉም ወጥቶ ሄደ፣
እሱ ግን በጣቱ እየቆጠረ ቀረ፣
ሦስት ጊዜ ደምሮ፣ ሦስት ጊዜ አፈረ።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር ያን ጊዜ፤
“ተወው” አለው አታሚው፣ “ምንድን ነው ይህ ትካዜ?
ሁለት ዶላር ምንድን ናት? አንባቢ አይቆጥርም።”
“አጣቢዋ ቆጥራለች” አለው። ሌላ አልጨመረም።

ምዕራፉን ቀደደው። ክረምቱን ሙሉ ጻፈ፣
ወንዙ ላይ በረዶው ተሰነጣጥቆ እስኪያልፍ ጻፈ፤
ሎይስ ያሞቀችው ሾርባ ስንቴ ቀዘቀዘ፣
ስንቴ አውራ ጣቱ እርሳስ ላይ ደነዘዘ።
ያ ሐውልት ያለው ሰው፣ ቅዱስም አልሆነ ሌባ፤
ተራ ሰው ሆነ፣ ከዕዳው ጋር መቃብር የገባ።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ፣ ሌላ ከተማ፣
አንድ ቀን ፖስታ መጣ፣ ከባድ፣ የድሮ ሽታ የተቀማ።
ገጽ ሁለት መቶ አራት። ከግርጌ። ቁጥር ስልሳ አንድ።
ፊደሉ ጉንዳን ያህላል፣ በጠባብ መንገድ የሚነዳ ጉንዳን፣ አንድ በአንድ፦
“ስሌቴን ያረመች፣ የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ልጅ” ይላል፣
ከዚያ ስሜ ይመጣል፤ ስሜ ግን ተበላሽቷል፤
ማረሚያው ማሽን ትርሲትን መች ሰምቶ ያውቅና!
በእንግሊዝኛ “ጥማት” አድርጎት አረፈው፣ ቀየረና።
እናቴ ጌጥ ብላ የጠራችኝ፣
ጥማት ሆኜ ታተምኩ፤ ማን ያጠጣኝ?

ጻፍኩለት፦ “መምህር፣ ግርጌው ላይ ስህተት አለ።”
ካርድ መለሰልኝ፣ በአረንጓዴው ቢክ የተኳለ፦
“ልክ ነሽ። አንድ ነጥብ። ሁለተኛ እትም ካየሁ፣ አርመዋለሁ፤
እስከዚያ ደብተርሽ ላይ ጻፊኝ። ዕዳ አለብኝ፤ አውቃለሁ።”