ወጥ ቤቱ መሃል ይሁን

ኮምቦልቻ፣ ደረቅ ወደብ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
የገቢ ዕቃ ቅጽ ጀርባ፣ አንድ ላጲስ፣ የቀዘቀዘ ራት።
መቶ ሃያ ሁለት ሜትር፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራ፤
ገና ውሃ ሳትነካ በስሟ የምትጠራ፣
ፍሪጌት «ቦርከና»።
ወንዙም እንደኔ ነውና፤
አዋሽ ውስጥ ይገባል፣ አዋሽም አሸዋ ውስጥ ይቀራል፣
ባሕር ሳያይ ወንዝ ተብሎ ይኖራል።

ቀን ቀን የብረት ሣጥን ቁጥር እመዘግባለሁ፤
ባሕር አላየሁም። ጨዉን ግን ቀምሻለሁ፤
ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር፣ ዝገቱን በጥፍሬ ፍቄ፣
ምላሴ ላይ አኑሬ፣ ማንም እንዳያየኝ ተሳቅቄ።

መጀመሪያ ስሥላት መሣሪያ ብቻ ነበረች፣
ጥርስ አብቅላ ሆድ የሌላት፣ ነክሳ የማትውጥ ሆና ቀረች።
ከፊት መድፍ፣ ቀጥሎ ሠላሳ ሁለት የሚሳኤል ጉድጓድ፣
ከላይ ራዳር፣ ከኋላ የሄሊኮፕተር ሜዳ፤
መቶ ሠላሳ ሰው ጭኜ
ረስቼው ማብሰያ ጓዳ።

ጋሼ ሙሄ አራጋው አየው። የሌሊት ጥበቃችን ነው፣
ድሮ ምጽዋ፣ የባሕር ኃይል፣ ድስት ሲያማስል የኖረ፤
መነጽሩን በክር አስሮ፣ ወረቀቱን አገላብጦ፣
«ምን ይበላሉ?» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረ።

በነጋታው ጓዳ አበጀሁ፣ ከአፍንጫዋ ሥር፣ ባዶው ጋ።
ሳቀ።
«አንቺ ልጅ፣ ማዕበል ሲያነሣት፣
አፍንጫዋ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ሲፈጠፈጥ፣
እዚያ ያለ ድስት ኮርኒስ ይመታል፤ ፊትሽን ነው የሚያጥብሽ ወጥ።
መርከብ እንደ ሚዛን ናት፤ ጫፏ ሲዋልል እንብርቷ ብዙም አይናጥ።
ወጥ ቤቱ መሃል ይሁን።»

መሃሉ ግን ባዶ አይደለም። ሁለት የሞተር ክፍል አለ፣
አንዱ ቢመታ አንዱ እንዲነዳት በግድግዳ የተከፈለ።
ጢስ መውጫውን ወደ ግራ ገፋሁ፣ ነዳጁን ወደ ታች፤
ራዳሩን ከፍ ሳደርገው መርከቧ በስሌት ዘመመች፤
ዝቅ ሳደርገው ዓይኗ አጠረ።
አንድ ሲኖትራክ ሐረጎ ጥምዝ ላይ ከቆመ፣
ከላይ ደሴ፣ ከታች ኮምቦልቻ ታመመ፤
እንደዚያው ነው።

አንድ ማታ የሙሄ ጣት በኮሪደሩ ሄደ፣ ሄደ፣
ሕክምና ክፍሉ መታጠፊያ ሲደርስ ቆመ።
«ይኼ ስንት ነው?»
«ሰማንያ ሳንቲሜትር።»
«ቃሬዛ አይዞርም።»
ቆይቶ፦
«ወልዱ ይባላል። ሽንኩርት የሚልጥልን ልጅ።
በእግሩ በኩል የያዝኩት እኔ ነበርኩ።
ወደ ፊትም እንቢ አለ። ወደ ኋላም እንቢ አለ።»
መነጽሩን አወለቀ። እኔም ስለ ወልዱ
እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

እሑድ ማታ፣ ኮንቴይነሮቹ መሃል፣ በነጭ ጠመኔ፣
አስፋልቱ ላይ ሙሉዋን ሣልናት፤ ሜትር ያዥ እሱ፣ ሠዓሊ እኔ።
ግድግዳችን ሁለት ሣጥን፣ ቃሬዛችን የተነቀለ በር፣
በሽተኛው አንድ ኩንታል ሲሚንቶ።
በሰማንያ ተሰነቀረ።
በመቶ ክንዴን ቧጠጠኝ።
በመቶ ሃያ
ዞረ።
ሙሄ ሲሚንቶውን ቀስ ብሎ አስተኛው፣
«አይዞህ» አለው።

አርባ ሳንቲሜትር ከየት ይምጣ?
ሞተሩ አይሰጥም፣ ጓዳው አይሰጥም፤
ሁሉን ወደ ፊት ገፍቼ
ከሚሳኤሉ ጉድጓድ ስምንቱን በላጲስ አጠፋሁ።
«ጠላት ቢመጣስ?» አልኩት።
«ምሳ ሰዓት ካልሆነ ግድ የለም።»

ሰኞ ጠዋት የፎርክሊፍቱ ነጂ፦ «ይኼ መስመር ምንድነው?»
«የመኪና ማቆሚያ» አልኩት።
አምኖኝ ሦስት ሣጥን ሩዝ
የሄሊኮፕተሩ ሜዳ ላይ ደረደረ።

ከሰዓት በኋላ በጦሳ በኩል ደመናው ወርዶ ዘነበ።
መጀመሪያ መድፉ ሄደ፣ ከዚያ አፍንጫዋ፣
ሃያ አራቱም ጉድጓድ ነጭ ወተት ሆነው ወደ ቦዩ።
ሰው ሁሉ ወደ ቢሮ ሮጠ።
ሙሄ ብቻ ራሱ ላይ ፌስታል ደፍቶ
እንብርቷ ላይ ቆሟል።
«ጋሼ፣ ኧረ ና ግባ!»
እጁን አወዛወዘልኝ፦
«ድስቱ አልወረደም።»