ማክሰኞ በሐረማያ

ከዚራ ጥላ ሥር፣ ሙቀቱ ሳይነቃ፣
«ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው!» የረዳቱ ጩኸት እስኪበቃ
ቆሜ ጠበቅሁና ተሳፈርኩ ከኋላ።
ደንገጎን ስንወጣ፣ ስንዞር፣ ስንጠማዘዝ፣
ጆሮዬ ሲደፈን፣ ላቤ ሲቀዘቅዝ፣
ጉልበቷ ላይ ጆንያ ያቀፈች ሴትዮ
«የት ነው የምትወርደው?» አለች ዞር ብላ።
«ሐይቁ ጋ።»
              ሳቀች።
«የትኛው? የሄደው? ወይስ የመጣው?»
መልስ አጣሁ። ሐይቅ እግር እንዳለው
እስከዚያች ማክሰኞ ማንም አልነገረኝ።

ከዋናው መንገድ ስወርድ አንድ የጫት መኪና
እንደ ጥይት አለፈኝ፤ አቧራው ቀረና
ሌላው ሁሉ ጸጥ አለ።
የምሳ ሰዓት ነው፤ መንደሩ ጥላ ገብቷል፤
ሻይ ቤቱ ክፍት ነው፣ ባለቤቷ የለችም፣
ሬዲዮ ብቻውን ለወንበሮች ያወራል።
በሽንኩርቱ መደብ፣ በካሮቱ መሃል
የውሃ መሳቢያው ጎማ ተጠቅልሎ ተኝቷል።
ከዚያ ወዲያ ሐይቁ፤
ዝርግ፣ ቡናማ፣
ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ ዝም ያለ።
ጥልቅ ካልሆነው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ
ሁለት እንጨቶች አሉ፤
አናታቸው ላይ አንዳንድ ነጭ ወፍ።
የምን እንደሆኑ ሳላውቅ አለፍኩ።

ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ሬንጅ ያቀልጣል፤
የቲማቲም ጣሳ፣ ሦስት ድንጋይ፣ ትንሽ እሳት፣
በጎኗ ያጋደለች፣ ስንጥቅ የበዛባት ታንኳ።
ዩያ ነው ስሙ። ጀሪካን ገለበጠልኝ፤
ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቀኝ
ወሬውን ከመሃል ጀመረልኝ፦

«ሐይቋ ስትሄድ አልተሰናበተችንም። መጀመሪያ አንድ ክንድ፣
ቀጥሎ አንድ እርምጃ፣ ኋላ አንድ ጥማድ።
ዓሣው ጭቃ ላይ ቀርቶ ሲንፈራገጥ
ልጅ አዋቂው በባልዲ ወረደ።
ሦስት ቀን ጠገብን።
በአራተኛው፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣
የበላነው ዘሩን እንደሆነ ገባን።»

ዝም አለ። እንጨት ማገደ።

«ታንኳዋን በአህያ ጋሪ ቤቴ ወሰድኳት፤
ገለበጥኳት፤ ሚስቴ ዶሮ ሞላችባት።
ኢብሳ ተወለደ። አፉን ሲፈታ
‹አባ፣ ይሄ ምንድን ነው?› አለኝ አንድ ማታ።
ምን ልበለው? ሐይቅ አላየ!
‹የዶሮ ቤት ነው› አልኩት።
ዋሸሁ? አልዋሸሁም። እንቁላል ነበረው።
መቅዘፊያዎቹን ለሰፈር ልጆች ሰጠሁ፤
ሐይቋ በነበረችበት ሜዳ ተከሏቸው፣
ኳስ ሊመቱ ነው፣ ጎል አደረጓቸው።
ስንት ክረምት አለፈ!
ኋላ አንድ ነሐሴ፣ ጨዋታው ሳያልቅ
ሜዳው ረጠበ፤
በረኛው ሲፈልጋት ኳሷ ተንሳፈፈች።
ያው፣ እያቸው።»

ሬንጅ በነካው ጣቱ አሳየኝ፤
ሁለቱ እንጨቶች፣ ሁለቱ ነጭ ወፎች።

«ለምን አትነቅላቸውም?»
«ለአዲሶቹ ባሕር ዛፍ ቆረጥኩ። እነሱ ይቆዩ።
ምን ይታወቃል።»
አላብራራም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ፀሐይ ስታዘነብል ኢብሳ ከትምህርት ቤት መጣ፤
ደብተሩን ድንጋይ ላይ ትቶ፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ፣
ታንኳዋን ገፋናት።
እኔ ውሃ የምጨልፍበት ጣሳ ያዝኩ።
ታፈሳለች፤ ዶሮ ዶሮ ትሸታለች፤
አንድ የተረሳ ላባ ከስንጥቋ ጋር
በሬንጁ ታትሟል።
መረብ አልያዝንም፤ ዛሬ ዓሣ አልታሰበም፤
መቅዘፍ ብቻ፣ እጅ እንዲያስታውስ።

ወፎቹ ተነሡ።
በሁለቱ እንጨቶች መካከል ቀስ ብለን ስናልፍ
አመሻሹን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰው ኢብሳ
ሁለት እጁን አንሥቶ፣ ታንኳዋን እያናወጠ፣
«ጎ–ኦ–ል!» አለ።
ከሽንኩርቱ እርሻ ማዶ አንድ የማላየው ሰው
«ኦፍሳይድ!» ብሎ መለሰ።

ዳር ላይ፣
ከግቢው ድረስ ተከትለዋት የመጡ ሦስት ዶሮዎች
ታንኳዋ አጋድላ የነበረችበትን መሬት ይዞራሉ፣
ይጭራሉ፣
ደግሞ ወደ ውሃው ቀና ይላሉ።