ሐረግ በሜትር

በስማቸው ሱቅ ደጃፍ ቆመዋል ጥቅሎች፣
ለሰርግ እንደ ተጠሩ አዳዲስ ሚዜዎች፤
አንዱ እብነ በረድ ነኝ ይላል በሥዕሉ፣
አንዱ የዋንዛ ጣውላ፣ ጉጡ ሳይቀር ሙሉ፤
አንዱ ጥቁር በነጭ፣ እንደ ዳማ ገበታ፣
አንዱ ጽጌረዳ፣ ያለ እሾህ፣ ያለ ሽታ።

«ሜትሩ ስንት ነው?» ስል ጣቱን አነሳና
ዋጋውን ነገረኝ፣ ደግሞ ቀነሰና
«ምረጪ፣ መምህርት» አለኝ፤ አንዱን ዘረጋና።

ዕቁቤ ወጥቶልኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ
ወለል ስለቀልቅ ክንዶቼ ሲዝሉ፣
በበጋ ቁንጫው፣ በክረምት ርጥበቱ፣
እበት ልመናዬ ከሰው ደጅ፣ ከበረቱ፣
ያ ሁሉ በአሥር ሜትር ሊከደን ነው ዛሬ።
ክፍሌ አምስት በአራት ነው፤ ለክቻለሁ በእግሬ።
የጥቅሉ ወርድ ሁለት ሜትር፤ ሒሳቡን ሠራሁት፣
አራተኛ ክፍሎችን የማስተምረውን ዓይነት።

ካጠገቤ አባቴ፣ መሪጌታ ይባቤ፤
ጽጌረዳዋን ነው ያጨኋት በልቤ፤
እሱ ግን አለፋት፤ ዋንዛውንም ናቀ፣
«እዚህም ይኼው ጉጥ፣ እዚያም ይኼው ጉጥ» ብሎ ሣቀ፤
ከጥግ ከተጣለ አንድ ጥቅል ዘንድ ደርሶ
በርከክ አለ አባቴ፣ ጋቢውን መልሶ።

ሐረግ ነው። ቀይና ጥቁር፣ ተጠላልፎ፣
አንዱ ካንዱ ሾልኮ፣ ደግሞ በላዩ አልፎ፤
የሠላሳ ዓመት ሥራው፣ የዳዊቱ ራስጌ፣
የዓይኑን ብርሃን የከፈለበት ከጧፍ ግርጌ።
አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የቀለም ቀንዱ ደርቋል፣
ብርዕ ከቀረጸ ስድስት ክረምት አልቋል።

«ሳይሸጥ የከረመ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም፣
ከወሰዳችሁትማ ዋጋ አልጨቃጨቅም።»

«ይረገጣል እንዴ፣ አባ?» አልኩት ደንግጬ፤
«የመጽሐፍን ጌጥ ልራመድ በጫማ ረግጬ?»
«ሐረግ» አለኝ፣ «ልጄ፣ ጥንትም የምድር ነው፤
መጽሐፍ ራስጌ ላይ እኛ ነን ያወጣነው።»

አሥር ሜትር ለካ፣ ቆረጠ ስማቸው፤
ባጃጅ ላይ ስንጭነው ልጆች ደስ አላቸው።
ቤት ስንደርስ ለሁለት አጠፍነው፣ ቆረጥነው፣
ግራና ቀኝ አድርገን ጎን ለጎን ዘረጋነው፤
እኔ «አለቀ» አልኩኝ። እሱ ተንበርክኮ
መሐሉን ዳሰሰ፣ ጣቱን ቀድሞ ልኮ።

«አይገጥምም» አለ።

እውነትም ከግራ የመጣው ቀይ ግንዱ
ቀኙ ዘንድ ሲደርስ ተቋርጧል መንገዱ፤
ልክ መሥመር እንደ ዘለለ የዳዊት ተማሪ፣
ድምፁ ይሄዳል እንጂ ቃሉ የለው መሪ።

«ስንዝር ከአራት ጣት ወደ ላይ ሳቢው» አለ፤
ስስበው ግንድ ከግንዱ ተገናኘ፣ ተካከለ።
ታዲያ ከወዲያ ጫፍ መሬቱ ታየን፤
ስንዝር ከአራት ጣት፣ ልክ ያንኑ ጎደለን።

«ልሂድና ልጨምር?» አልኩ፣ ቦርሳዬ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፤
አባቴ አልጋዬን በዓይኑ ሲለካ ጠበቅሁ።
«እሱን ወደዚያ ግፊው። ከአልጋ ሥር ማን ያያል?
ጸሐፊም ስሕተቱን በጥራዝ ውስጥ ያቆያል።»
ጠርዙን እንድከረክም ምላጩን ሰጠኝ፤
የራሱ እጅ አይረጋም፤ ክንዴን ደግፎ ያዘኝ።

ላቀች ጎረቤቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣
«ጽጌረዳ ጠፍቶ ነው?» ብላ አሽሟጠጠች፤
ግን ጫማዋን አውልቃ፣ ቀዩን ተከትላ ገባች።

እሱም በማግሥቱ ወደ ዲማው ሄደ፤
ሐረጉን አልረገጠም፤ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ወረደ።

ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ከአልጋው ሥር ሰድጄ
ያን ስንዝር መሬት እነካለሁ በእጄ።
ይቀዘቅዛል። ያው ነው። የለቀለቅሁበት
አምስቱ የጣቴ መሥመር አሁንም አለበት፤
ማንም በሜትር ሳይለካው ከግድግዳው ወጥቶ፣
ከምንጣፉ በታች ይሄዳል ሾልኮ ገብቶ።