ራንዴላ

«መስታወት የለውም» አለኝ ሲያስረክበኝ፤
«ማየቱ ይቅርብኝ፤ ማብረቁ ይብቃኝ።
ወልውለሽ ስጪኝ እስከ መጪው ዓርብ፤
ሆቴሌ መግቢያ ላይ፣ ከአበባው አጠገብ
ይቆማል፤ እንግዳ ፎቶ ይነሣበታል።»
ፍሥሐ ጽዮን እንዲህ ነው፤ ሁሌም ይቸኩላል።
የፒክአፑን ሞተር ሳያጠፋ፣ ዕቃውን ጥሎ ሄደ፤
ጆንያውን ስገልጠው አቧራው ወረደ።

ቴሌስኮፕ። የነሐስ ቱቦ፤ ቁመቱ እኔን ያህላል፤
ከትምህርት ቤት መጋዘን በጨረታ ወጥቷል።
ወገቡ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለው፤
ከሦስቱ እግሮቹ አንዱ የት እንደ ገባ ማን አወቀው?
የመጥረጊያ እጀታ ሆኖ ይሆናል ምናልባት።

ሱቄም ቁጥር አላት፣
ያውም በቀይ ቀለም፣ በሯ ላይ የጻፉባት።
ሠራተኛ ሰፈር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፈርሶ፣
እሷ እንደ ሽማግሌ የመጨረሻ ጥርስ
ብቻዋን ቆማለች፣ ተራዋ እስኪደርስ።

መጀመሪያ ላምባ። ከዚያ መጠበቅ።
የዛገ ብሎን በጉልበት አይላቀቅ።
«ብሎን አማት ነው» ይል ነበር አባቴ፣
«ከገፋሽው ይኮርፋል፤ አባብዪው በካቻቢቴ።»
ሦስት ሌሊት ላምባ አጠጣሁት፤
በአራተኛው ጠዋት ሞርሳው ላይ አሰርኩት፤
ቅጭ አለና ተንፏቀቀ፣
ስንት ዘመን የነከሰውን ለቀቀ።

አንዱ ጅል የበር ቀለም ቀብቶታል፤ እሱን ላጥኩ።
ከሥሩ ነሐሱ አረንጓዴ አልቦታል፤ በሎሚና በአመድ አሸሁ።

አንድ ማጥበቂያ ጎደለ። ሶማሌ ተራ ወርጄ፣
ጋሽ ኑርሁሴን ቶርኖ ቤት፣ የቀረውን ናሙና ይዤ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ አገላበጠው በተራ፦
«ሚሊ አይደል፣ ኢንች አይደል፤ ጥርሱም ወደ ግራ!
ሰውዬው ከዓለም ተጣልቶ ነው ይሄን የሠራ።»
ቆርጦ አወጣልኝ። ሒሳቡ እጥፍ፤ ደረሰኝ የለም።
አልተከራከርኩም።

ከማዞሪያው ሥር፣ ግራሶው ሬንጅ ሆኖ ከጋገረበት
አንድ ራንዴላ ወጣ። ላምባ ውስጥ አሸሁት።
ራንዴላ አይደለም።
አምስት ሳንቲም ነው፣ የጥንቱ፤ አንበሳው ሆዱን ተበስቶ፣
ጠርዙ በሊማ ተሞርዶ፣ ለብሎኑ ልክ እንዲሆን ተቃንቶ።
ከጎኑ በመርፌ ጫፍ፦ «መ. ወ. ፲፱፻፶፯»።

ማን ነበርክ መ. ወ.?
አስተማሪ? ዘበኛ? ወይስ እንደኔ የብረት ሰው?
ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ዓመት ያልጠበቅህ፣
ኪስህን ዳብሰህ የሻይ ሳንቲም ያወጣህ፣
አንበሳ በስተህ፣
ጨረቃ በልጆቹ ዓይን ላይ እንዳትንቀጠቀጥ የደገፍህ።

ጋሽ ኑርሁሴን አዲስ ራንዴላ ቆርጦልኝ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ፣ ልከኛ።
ኪሴ ከተትኩት። ሳንቲሙ ቦታው ላይ ተኛ።
ከመ. ወ. ጎን ስሜን ልጭር መርፌ አነሣሁና
ተውኩት፤
አምስት ሳንቲም ለሁለት ሰው አይበቃምና።

ሐሙስ ማታ ገጥሜ ጨረስኩ። በባዶው ቱቦ አየሁ፦
አንዲት ክብ ጨለማ፣ የክሬን ቀይ መብራት፤ ኮከብ ግን አጣሁ።

ዓርብ መጣ። «አበራሽው!» አለ፤ ብሩን ቆጠረ።
በአንድ ጣቴ ገፋሁት፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ባቆምኩት ላይ ቀረ።
«ማን ሊያዞረው ነው?»
«ማንም።»
«ታዲያ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?»
መልስ አልነበረኝም።

ፒክአፑ ላይ ጫኑት። በገመድ እግሩን አስረው
ወደ ደጎል ዳገት ወጡ፣ ጡሩምባ እያስጮኹ፣ ሰው እየገፈተሩ።
ማጥበቂያውን ሳላጠብቀው ነው የሄደው።
ረስቼ ነው? እንጃ።
መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ቱቦው ብድግ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣
አንዴ ወደ ፎቁ፣ አንዴ ወደ ደመናው፣
አንዴ ወደኔ ዞሮ፣
ዓይን ሳይኖረው
ያማትራል።